ተመልሳ ሄደች

ክቡራን እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ወላጆችና ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደህና መጣችሁ። ጋቢ ያልያዘ እንግዳ ካለ አጠገቡ ያለው ያካፍለው። ንግግሬም ብርዱን አይቶ አጭር ነው።

ዛሬ የምንሸልመው የጋዜጠኝነት ተማሪዎቻችንን የመመረቂያ ሥራ ነው። ስለ ሁሉም ላውራ ብል ይመሻል። ስለ አንዱ ልንገራችሁ።

አንዲት ተማሪዬ ስለ መንዝ ጓሳ የሬዲዮ ዘጋቢ ዝግጅት ልሥራ ብላ መጣች። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የደጋ ሣር ምድር ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ነባር የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቀውና ቀኑ ሲደርስ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ይህ ሁሉ ፕሮፖዛሏ ላይ ነበር። እኔም "ጎበዝ" ብዬ ፈረምኩ።

ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚገነጠለውን መንገድ ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። አንድ አባት 40 ደቂቃ አውርተውላታል። መቅረጫውን ስንከፍተው ነፋስ ብቻ! የመንዝ ነፋስ ማይክ አይፈራም። ልጅቷ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ "ሥራሽን ፈታኞች ፊት የምታቀርቢበት ዲፌንስ ደርሷል፤ በራስሽ ድምፅ አንብቢና ጨርሺው" አልኳት። የአማካሪ ምክር ተብዬ!

አልሰማችኝም። ማይኩን በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ጠቅልላ ተመልሳ ሄደች። አባትየው "ያንኑ ልድገምልሽ እንዴ፣ ልጄ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ዝግጅቱ ላይ አለ። ግን ያንኑ አልደገሙም። ሥርዓቱ ሲፈርስ ምን ሆነ ስትላቸው ዝም አሉ። ከጀርባ ማጭድ ሲሳል ይሰማል። ከዚያ፣ "ያኔ ያላጨደ የለም። እኔም አጭጃለሁ" አሉ።

ይህቺ ነገር ፕሮፖዛሉ ላይ አልነበረችም።

የመገምገሚያ ቅጻችን ለድምፅ ጥራት ነጥብ አለው፤ ለማጣቀሻም አለው። ተመልሶ ለሄደ ነጥብ የለውም። እንዲጨመር ለክፍሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው፤ ኃላፊው ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ነው የምናገረው።

የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ያነጋገርኳቸው ሰዎች አንዳቸውም አላዩትም። እሷ ግን ዝግጅቱን በስልኳ ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ መንዝ ወጣች፣ ለአባትየው አሰማቻቸው።

እሳቸው ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ በርኖስ የደረቡት። አባታችን፣ እስቲ ብቅ ይበሉ። ሰርተፊኬቱን እርስዎ ይስጡልን።