ከአንድ የሞባይል ክፍያ ጀርባ ስንት ሙያ አለ?

[ምስል፦ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ካፌ። አንዲት ደንበኛ ሂሳቧን በስልኳ ስትከፍል።]

ማኪያቶዋን ጨርሳ ሂሳቧን በቴሌብር ከፈለች። የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች፣ የማረጋገጫ መልእክት መጣላት፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ዛሬ እነዚያን ሰከንዶች ቀስ ብለን እናያቸዋለን። ቤተሰብና ጎረቤት «ኮምፒውተር ነው የሚማረው» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሙያ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለና።

ቪዲዮውን ያዘጋጀሁት ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ዲፓርትመንት ልትመርጡ ለተቃረባችሁ፣ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ዘርፍ ለምትመርጡም ነው። ስለ ደመወዝ አላወራም። ሙያዎቹን የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው?

ከስክሪኑ እንጀምር። ቁልፉ የት እንደሚሆን፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው የዩኤክስ ዲዛይነር ነው። ደንበኛዋ ብሩን ለሌላ ሰው ብትልክ፣ ስሙም በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ተወሽቆ ከነበረ፣ ጥያቄው ወደ ዲዛይነሩ ይሄዳል። ንድፉን ወደሚሠራ መተግበሪያ የሚቀይረው የሞባይል ዴቨሎፐር ነው። ለአንድሮይድ ኮትሊን፣ ለአይፎን ስዊፍት በሚባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ወይም ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ፍላተር በሚባል መሣሪያ ይጽፋል።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን። ክፍያው «በመላክ ላይ» እንዳለ ኔትወርክ ሲጠፋ።]

አሁን ኔትወርክ ተቆራረጠ እንበል። ደንበኛዋ መክፈያውን ነካች፣ ምንም መልስ የለም። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ነካችው። ገንዘቧ አንዴ ነው የሚቆረጠው ወይስ ሁለቴ?

ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ክፍል የሚጽፈው የባክኤንድ ዴቨሎፐር ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ ዘርፍ ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚያህል ደስ የሚለኝ የለም። አንዱ መፍትሔ እንዲህ ነው። የክፍያ ገጹ ሲከፈት ለዚያ ክፍያ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል። ደንበኛዋ አምስት ጊዜ ብትነካው አምስቱም ጥያቄ የሚሄደው በዚያው ቁጥር ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቁጥሩን ቀድሞ ካየው ሌላ ብር አይቀንስም፤ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይልክላታል። በዚያ ላይ ከእሷ ሂሳብ መቀነስና የካፌው ሂሳብ ላይ መጨመር ሁለት ሥራ ቢመስሉም የሂሳቦቹ መዝገብ የሆነው ዳታቤዝ እንደ አንድ ነው የሚይዛቸው። ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳን ብሩ የትም አይጠፋም።

ብዙ ተማሪ ስሙን ሳይሰማ የሚመረቅ ሌላ ሙያ አለ፦ የሶፍትዌር ሞካሪነት፣ በተለምዶ ኪውኤ የሚባለው። ዴቨሎፐሩ «ይሠራል» ሲል ሞካሪው «መቼ ነው የማይሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ብዙ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ብር አወጡ። ሰዉ ወዲያው ያሰበው ጠላፊዎችን ነበር። ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩ የሲስተም መሆኑን አስታወቀ። ልዩነቱን ልብ በሉት። ከውጭ ሰብሮ የገባ ሰው ከሌለ የሚነሱት ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። አዲሱ ለውጥ ደንበኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የት ተሞከረ? ሲበላሽ በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል? እነዚህን የሚመልሱት ሞካሪዎች፣ ሲስተሙን በየቀኑ የሚያስተዳድሩት የሲስተም አድሚኖችና አዲስ ኮድ ደንበኛ ጋ የሚደርስበትን መንገድ የሚይዙት የዴቭኦፕስ ባለሙያዎች ናቸው። ሌሊት ስልካቸው የሚጠራውም የእነሱ ነው፤ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው አልመክረውም።

የሳይበር ደህንነት ባለሙያ የሚጠብቀው ሆን ብሎ የሚመጣን ሰው ነው። አብዛኛው ቀኑ የሚያልፈው ማን መቼ እንደገባ የሚያሳዩ መዝገቦችን በማንበብ፣ የመግቢያ ፈቃድ በማጥበብ፣ ሠራተኛ በማሠልጠን ነው። ሲስተም ሰብሮ የመፈተሽ ሥራም አለ፤ በባለቤቱ ፈቃድ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፦ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፣ ምንም ሳትነኩ ብትወጡም። መለማመድ የምትፈልጉ በገዛ ላፕቶፓችሁ ላይ የራሳችሁን መለማመጃ ሥሩ።

የኔትወርክ ባለሙያው ሁሉንም የሚያገናኘውን መስመር ይይዛል፤ ራውተር፣ ስዊች፣ ፋይበር። በቴክኒክና ሙያ በኩልም የሚገባበት ዘርፍ ነው። ዳታ አናሊስቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ክፍያው ካለቀ በኋላ በየትኛው ሰዓት ብዙ ክፍያ እንደሚከሽፍ፣ ለምን እንደሚከሽፍ ከቁጥሩ ያወጣል። ዳታ ሳይንስ እንማር የምትሉ፣ ከሁሉ በፊት ኤስኪውኤል የሚባለውን ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋና ስታቲስቲክስ ያዙ።

[ምስል፦ ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩ የንፋስ ተርባይኖች።]

አሁን ከካፌው እንውጣ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይኖች አሏቸው፤ አቅማቸው 204 ሜጋዋት ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ተርባይኑ ፊቱን ያዞራል፤ ሲበረታ ክንፎቹ ማዕዘናቸውን ይቀይራሉ። የሚያዛቸው ውስጣቸው ያለ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ነው። እዚህ ፕሮግራሙ ቢዘገይ የሚጎዳው ብረት ነው። የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ዓለም ይህ ነው፤ ሰርኪዩትና ኮድ አብረው የሚሠሩበት። ፊዚክስ የምትወዱ ልጆች ስለዚህ ዘርፍ በቂ አይነገራችሁም።

ዲፓርትመንቶቹስ? የኮምፒውተር ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ኤሲኤም ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሰነድ ዘርፉን በአምስት ከፍሎት ነበር፤ በ2020 የሳይበር ደህንነትና ዳታ ሳይንስ ተጨመሩ። ኮምፒውተር ሳይንስ ወደ አልጎሪዝም፣ ማለትም ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍቻ ዘዴ፣ እና ወደ ሂሳብ ያደላል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ትልቅ ሲስተም በቡድን አቅዶ መገንባትን ያስተምራል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የድርጅቱን አሠራርና ሲስተሙን ያገናኛል፤ ካፌው በቀኑ መጨረሻ ምን ዓይነት ሪፖርት እንደሚያስፈልገው ባለቤቱን ጠይቆ የሚያውቀው ይህን የተማረ ነው። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የተሠራውን ሲስተም ተክሎ፣ ጠብቆ ያሠራል። አምስተኛው ተርባይኑ ጋ ያየነው የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው። የዲግሪው ስም ግን ሥራችሁን አይቆልፍባችሁም፤ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተምሮ ባክኤንድ የሚጽፍ ሞልቷል።

ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድና ዳታ ሳይንስ በነፃ ይሰጣል፤ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ሞክሩ። ከዚያ በእነዚህ ሙያዎች የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ፈልጋችሁ፣ ሥራው ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ ሳይሆን፣ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ጻፉት፤ እነሱ ያን ቀን የዋሉበትን ሥራ እናንተም ልትውሉበት እንደምትፈልጉ ወይም እንደማትፈልጉ ያኔ ታውቃላችሁ።