መርከቡ ሲያድግ ወደቡ ምን ያደርጋል?

[ምስል፦ ዶራሌ፣ ጅቡቲ። ማለዳ። ረጃጅም ክሬኖች፣ ሥራቸው የተደረደሩ ኮንቴይነሮች።]

ይሄ የጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ነው። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ወይም የያዛችሁት ስልክ በዚህ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚተላለፈው በጅቡቲ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1956 ከአሜሪካ ኒውዋርክ የተነሳችው መርከብ፣ አይዲያል ኤክስ፣ የጫነችው 58 ኮንቴይነር ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ግዙፎች ባለ 20 ጫማውን ከ24 ሺህ በላይ ይጭናሉ። ርዝመታቸው 400 ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን መርከብ የት ታቆሙታላችሁ?

[ምስል፦ መርከብ ከጎን ሲታይ፤ ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል በቀይ።]

ሙሉ ጭነት የያዘ ግዙፍ መርከብ 16 ሜትር ያህሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከሆዱ በታችም ትርፍ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ልዩ መርከቦች አሸዋውንና ጭቃውን እየመጠጡ፣ እየዛቁም የባሕሩን ወለል ያጠልቃሉ።

ከባዱ ነገር ግን ቁፋሮው አይደለም። መርከቡ የሚጠጋበትን የኮንክሪት ግድግዳ አስቡት። እግሩ ሥር ያለው አፈር ከተዛቀ በምን ይቆማል? ጎረቤት ለመሠረት አጥራችሁ ሥር ሲቆፍር አጥሩ እንደሚዘመው ማለት ነው። ግድግዳው ወይ ይጠናከራል፣ ወይ እንደ አዲስ ይሠራል። ጅቡቲ አዲስ ቦታ መረጠች። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈት 18 ሜትር ጥልቀትና 1,050 ሜትር የመርከብ መጠጊያ ነበረው።

[ምስል፦ የክሬን ካቢን ከውስጥ።]

ትልልቆቹ መርከቦች ላይ 24 ኮንቴይነር ጎን ለጎን ይደረደራል። የክሬኑ ክንድ የመጨረሻው ረድፍ ጋ መድረስ አለበት። ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ሥር ባለው መስታወት ቁልቁል ያያል። ማንሻው አራቱ ማዕዘኖች ላይ ያርፋል፣ መቆለፊያዎቹ ይዞራሉ፣ ኮንቴይነሩ ብድግ ይላል። ከዚያ ቀጣዩ። ከዚያ ቀጣዩ።

[ምስል፦ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች ረጅም ሰልፍ።]

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድሮ በአምስት ትንንሽ መርከብ በሳምንት ውስጥ ተከፋፍሎ ይመጣ የነበረው ዕቃ አሁን በአንድ ጊዜ ይራገፋል። ግቢው፣ በሩ፣ መኪናው፣ ጉምሩኩ ያንን ካልቻለ 18 ሜትሩ ጥልቀት ብቻውን ምን ይፈይዳል? የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት መጀመሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ መኖሩ የዚያው ዝግጅት አካል ነው። ኮንቴይነሩ ሞጆ ድረስ መጥቶ ጉምሩኩ እዚያ ሲያልቅ ዶራሌ ላይ ቦታ ይለቃል።

[ምስል፦ ሞጆ። ባዶ ኮንቴይነር መኪና ላይ ሲጫን።]

አስመጪው ግን ዕቃውን ስላወጣ ገና አልተገላገለም። ኮንቴይነሩን ያለ ክፍያ የሚይዝበት ነፃ ቀን ካለፈ፣ ባዶው ኮንቴይነር ለመርከብ ድርጅቱ እስኪመለስ ድረስ ክፍያው በየቀኑ ይቆጥራል፤ በዶላር።