16ቷ ባይት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሰሞኑን ስላንገበገበኝ ነገር ነው፤ ቡትሎደራችን ላይ ፍላሽ መጻፊያ ስለመጨመር። ቡትሎደር ቦርዱ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ዋናውን ፕሮግራም የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ኃይል ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ ማህደረ ትውስታ።

ቡትሎደሩ እስካሁን ማንበብና ማስነሳት ብቻ ነበር የሚያውቀው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አንድ የመጻፊያ ትዕዛዝ ጣል አድርግበት እንጂ፣ ሁልጊዜ ቦርድ ፈትተን ፕሮግራመር የሚባለውን መሣሪያ ስንሰካ ልንኖር ነው?» አለኝ። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ፍላሽ ላይ መጻፍ ራም ላይ እንደመጻፍ አይደለም። ኖር የሚባለው የእኛ ዓይነት ፍላሽ ሲጠፋ፣ ማለትም ሲደመሰስ፣ ሁሉም ቢት 1 ይሆናል፤ መጻፍ ማለት ከነሱ አንዳንዶቹን ወደ 0 ማውረድ ነው። 0 የሆነውን ወደ 1 ለመመለስ ቢቱ ያለበትን ክፍል፣ ሴክተሩን እንዳለ፣ በእኛ ቺፕ 4 ኪሎባይቱን፣ ማጥፋት ግድ ነው። የሚጻፈው ደግሞ በፔጅ ነው፣ 256 ባይት። ፔጁ ጠርዝ ላይ ደርሳችሁ መላክ ካላቆማችሁ ቺፑ ወደሚቀጥለው ፔጅ አይሻገርም። ተሳስታችኋልም አይልም። ዞሮ እዚያው ፔጅ መጀመሪያ ላይ ይጽፍላችኋል፣ ዝም ብሎ።

ፈርምዌራችን፣ ማለትም ቡትሎደሩ የሚያስነሳው ዋናው ፕሮግራም፣ መጀመሪያው ላይ 16 ባይት ሄደር፣ የመለያ መረጃ፣ አለው። እሱን መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው፤ መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ሄደሩ ባዶ ስለሆነ ቡትሎደሩ በግማሽ የቀረ ፈርምዌር አያስነሳም። ብልጠት መስሎኝ ነበር፣ ብልጠትም ነው። ግን ዋናው ኮድ ከ16 ባይት በኋላ ይጀምራል ማለት ነው፤ እኔም ከዚያ ተነስቼ 256፣ 256 እያደረግኩ ላክሁት። 240ው ቦታውን ያዘ፣ የቀሩት 16 ዞረው ሄደሩ ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። ሄደሩ በኋላ ሲመጣ እነሱ ላይ ተደርቦ የማይነበብ ሆነ።

የተጻፈውን የሚያጣራው ማረጋገጫ «ትክክል» አለኝ። ቦርዱ ግን አይነሳም። ኬብል ቀየርኩ። የክሎኩን ፍጥነት ዝቅ አደረግኩ። ቺፑን ጠርጥሬ ሌላ ቦርድ አመጣሁ። ሁለት ቀን! በመጨረሻ ፍላሹን ወደ ፋይል ገልብጬ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አየሁት፤ 16 ባይት ስህተት፣ 240 ልክ፣ 16 ስህተት፣ 240 ልክ። እስከ መጨረሻው እንዲያ ነው። የኬብል ጥፋት እንዲህ ሥርዓት የለውም። ክው አልኩ።

ማረጋገጫውስ ለምን ትክክል አለ? ሲአርሲውን፣ ማለትም ዳታው አለመለወጡን የምናይበትን ቁጥር፣ ያሰላው ራም ላይ ከነበረው፣ እኔው ከላክሁለት ኮፒ ነበራ። ራሱን ጠይቆ ለራሱ መለሰ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ሳይ እስቅ ነበር።

ጥገናው አጭር ነው፤ መጀመሪያ 240፣ ከዚያ ወዲያ 256። ማረጋገጫው ደግሞ አሁን ከቺፑ መልሶ ያነባል።

የትዕዛዙን ምርጫዎች በቁም ነገር ያሰብኩባቸው ከዚህ በኋላ ነው። ማጥፋት፣ መጻፍ፣ ማረጋገጥ፣ ሁሉም ለየብቻ። አራተኛው ማደስ ነው፤ ዩ-ቡት የሚባለው ቡትሎደር ላይ «ኤስኤፍ አፕዴት» የሚለው ትዕዛዝ እንደሚያደርገው ሴክተሩን አንብቦ ያልተለወጠውን ይተወዋል። የኛ ቺፕ ሴክተር 100,000 ጊዜ ያህል ቢጠፋ ይችላል ይባላል፣ ስለዚህ ቁጠባው አይደለም ያጓጓኝ፤ ማጥፋት ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ቡትሎደሩ ራሱ የተቀመጠበትን ቦታ አንዳቸውም አይነኩም።

የተጨቃጨቅነው «መጻፍ» ላይ ነው። ልጁ «ትዕዛዙ ራሱ አጥፍቶ ይጻፍ» ይላል። እኔ እምቢ አልኩ፤ እዚያው ሴክተር ውስጥ የካሊብሬሽን ቁጥር ወይም የቦርዱ መለያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላላ። ስለዚህ «መጻፍ» አስቀድሞ ያነባል፤ 0 የሆነ ቢት ወደ 1 ካልተመለሰ የማይጻፍ ባይት ካገኘ አድራሻውን ተናግሮ ይቆማል። «በግድ» የሚል ምርጫም ጨምሬ ነበር፤ አንድ ሌሊት አደረ፣ ጠዋት ሰረዝኩት። ልጁ ትናንትም «ለአንድ ሥራ ሁለት ትዕዛዝ ለምን እተይባለሁ?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር።

ይተይብ። በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።