ማንም ብቻውን መስኮት ላይ አይቁም

(የማኅበራዊ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን መብት የሚጠብቅ የነዋሪዎች በጎ ፈቃድ ምክር ቤት ለማቋቋም በተጠራው የእድሮች የጋራ ጉባኤ ላይ የተነበበ፣ ጎንደር)

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ከቀበሌና ከክፍለ ከተማ የመጣችሁ እንግዶች፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ወረቀት ይዤ የመጣሁት ዛሬ የምናገረው ተጽፎ እንዲቀር ስለፈለግኩ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ከተማ ነርስ ነበርኩ። ከአዘዞ እስከ ቁስቋም ልጅ ያልከተብኩበት ሰፈር የለም ብል ማጋነን አይሆንም። እኛን ያስተማሩን ሰዎች በ1947 እዚሁ ጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ልጆች ናቸው። በሽተኛ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቤቱ ሂዱ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ እዩ ይሉን ነበር። ዛሬም የምናገረው ሰው ቤት ገብቼ ስላየሁት ነገር ነው።

የምናቋቁመው ምክር ቤት ደሞዝ የለውም። አበል የለውም። ሥራው ከመንግሥት አገልግሎት የሚጠብቁ ወገኖቻችን፣ በሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ለድሆች በዘረጋው ድጋፍ፣ ሥራ ሳይጠየቁ ገንዘብ የሚሰጣቸው (ቀጥታ ድጋፍ የሚባለውን የሚያገኙ) አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ አሳዳጊ የሌላቸው ሕጻናት፣ መክፈል አይችሉም ተብሎ የጤና መድህን መዋጮ መንግሥት የሚሸፍንላቸው ቤተሰቦች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው እኛ ጋ የተጠጉ ሰዎች፣ የተፈቀደላቸው ነገር በክብር እንዲደርሳቸው መከታተል ነው። ይኼ ነው ሥራው። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም እንዲጠራ አልፈለጉም። የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ጧሪ የላቸውም። ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ገብተው በየጊዜው ትንሽ ገንዘብ በባንክ ደብተራቸው ይገባላቸው ነበር። አንድ ቀን ባንክ ሄዱ፣ አልገባም ተባሉ። በሚቀጥለውም ሄዱ፣ አልገባም። ቢሮ ሄዱ። ነገ ይምጡ ተባሉ። ነገ ሄዱ፣ ሲስተም የለም። ሌላ ቀን ሄዱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን፣ ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል። ዳገቱን ታውቁታላችሁ። በዱላ ነው የሚወጡት። ታክሲ የሚከፍሉበት የላቸውም። ጠዋት ደርሰው ከቢሮው ደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ለምሳ ሲዘጋ ይነሳሉ፣ ሲከፈት ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤት።

እኔ ይኼን ሁሉ አላውቅም ነበር። እቤታቸው የገባሁት ግፊታቸውን ልለካላቸው ነው። ስለካው በጣም ከፍ ብሏል። «መድኃኒቱን አልጀመሩም እንዴ?» አልኳቸው። «እየወሰድኩ ነው ልጄ፣ ግን ቶሎ እንዳያልቅብኝ ለሁለት እየከፈልኩ ነው የምውጠው፣ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከነገ ወዲያ» አሉኝ። ምን እንዳደረገኝ አልነግራችሁም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ነው የቢሮው ነገር የመጣው። ሰው አልከሰሱም። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ምን ይደረግ፣ ተራዬ ለሌላ ተሰጥቶ ይሆናል» ነው ያሉት።

አብረን ሄድን። ዘበኛው ወረፋ አለን፣ ተሰለፍን። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ውስጥ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። «ሲስተር! እርስዎ ነዎት እንዴ? ኧረ በሞቴ ይግቡ» አለ። በሩ ተከፈተ። ወንበር መጣ። ሻይ ታዘዘ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ሲስተሙም ነበረ። ነገሩ ምን ሆኖ ተገኘ? የአያታቸው ስም መታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። በቃ። ሌላ ምንም የለም። አንድ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማህተም ተመታ፣ ሻያችን ሳያልቅ ጉዳዩ አለቀ። የተቋረጠውም በኋላ ገባላቸው።

እሳቸው እስከ ቤት ድረስ መረቁኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ምክንያቱን ስሙኝ። እኒህን እናት ያስተናገዳቸው ሕጉ አይደለም። ደንቡም አይደለም። የኔ ፊት ነው! ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፣ እናቱን አውቃታለሁ፣ በደንብ ነው ያሳደገችው። ግን እኔን ሲያይ ያደረገውን ሁሉ እሳቸውን ሲያይም ማድረግ ይችል ነበር። ኮምፒውተሩ ያው ነው። ማህተሙ ያው ነው። የተለወጠው ከጎናቸው የቆመው ሰው ነው። እሺ፣ እኔ የማላውቃቸው እናትስ? ከበለሳ ወይም ከእብናት ተሰደው መጥተው እዚህ ከተማ አንድም ዘመድ የሌላቸውስ? መስማት የተሳነው ወንድማችን በመስኮቱ ቀዳዳ ምን ብሎ ያስረዳ? እነሱ ሲስተር ፍለጋ ይዙሩ?

ትውውቅ የሚባለው ነገር እኮ ጉቦ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ደግነት መስሎ ነው የሚመጣው። ለኔ የመጣው ወንበር፣ የታዘዘው ሻይ፣ ሁሉም ደግነት ነበር። ግን ለአንዷ ሴት የተደረገ ደግነት ነው፣ ደጅ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ሌሎቹ እያዩ። ስወጣ ያዩኝ ዓይኖች እስካሁን ከፊቴ አልጠፉም። እነሱ የተማሩት ነገር ሰው ይዘህ ካልመጣህ አይሆንም የሚለውን ነው። እኔ ዛሬ የምለው ደግሞ፣ እንግዲያው ለሁሉም ሰው እንያዝላቸው ነው። ማንም ብቻውን መስኮት ላይ አይቁም። ዘመድ ያለውም፣ የሌለውም።

ይኼ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን መንገድ ላይ ተበደልኩ ያለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ በዳዩም ተበዳዩም ባሉበት ይቆሙ ነበር። መንገደኛው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዳኛ ሁነን ከተባለ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። አይመለከተኝም ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ሹመት አልነበረውም። ደሞዝ አልነበረውም። መብቱ የሚመጣው እዚያ ቦታ ላይ ከመገኘቱ ነው። እኛም ከዚህ በላይ የጠየቅነው ነገር የለም።

ሕግ የለም የሚል ካለ ደግሞ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይናገራል። እዚያው አንቀጽ ላይ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌላቸው ሕጻናት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን እንክብካቤ እንደሚደረግላቸው ተጽፏል። አቅም በፈቀደው ይላል፣ ይገባኛል፣ አገራችን ደሃ ናት። ግን ገንዘቡ ከተመደበና ስሙ ከተጻፈ በኋላ ሰውን ማመላለስ ከአቅም ጋር ምን ያገናኘዋል? በገጠሩ ሴፍቲኔት ደንብ የተጠቃሚዎች ስም ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በየቀበሌው ይቋቋማል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፣ ይኼ ጉዳይ በዚህን ያህል ጊዜ ያልቃል ይላል። እኒያ እናት የተቀመጡበት ድንጋይ ከዚያ ሰሌዳ ብዙ አይርቅም። ማንበብ አይችሉም። ያነበበላቸውም የለም። የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ 211/1992 ተቋቁሟል፣ በደል የደረሰበት ሰው አቤት ይላል። ጥሩ ተቋም ነው። ግን ኪኒን ለሁለት እየከፈለ የሚውጥ ሰው አቤቱታ አስጽፎ፣ ሰነድ አያይዞ፣ ተከታትሎ እስኪጨርስ ማን አብሮት ይቆማል?

አሁን ወደመጣሁበት ዋና ነገር ልግባ። በተበተነልን ረቂቅ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። የምክር ቤቱን አባላት አገልግሎቱን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ይመለምላል ይላል። እኔ ይኼን አልቀበልም! እናንተም እንዳትቀበሉ እለምናችኋለሁ። ጽሕፈት ቤቱ የመረጠው ሰው ጽሕፈት ቤቱን ምን ብሎ ይጠይቃል? ነገ «ይኼ ሰውዬ ያስቸግራል» ተብሎ ቢሰረዝስ? ኮሚቴ አይተን እናውቃለን እኮ። ስንቱን ኮሚቴ ነው ፎቶ ተነስተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ቃለ ጉባኤ ፈርመን የተበተንነው? አሁን የምንሰበሰበው ሪፖርት ላይ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ ለመጻፍ ከሆነ ከአሁኑ ወደየቤታችን እንሂድ። እንግዶቻችን እንዳይከፋችሁ፣ እናንተን መጥላት አይደለም። አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ስንት ቤት እንደምታዳርስ አይቻለሁ። ጫማዋ አልቆ ነው የምትሄደው። እሷንም የምንረዳት እውነቱን ስንነግራት ነው፣ የሚነግራት ሰው ደግሞ የሷን አለቃ የማይፈራ መሆን አለበት።

ውጭ አገርም ይኼን ያስቡበት ሰዎች አሉ። አሜሪካኖቹ በ1972 እ.ኤ.አ. በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎችን ቅሬታ የሚሰማ እንባ ጠባቂ በሙከራ ጀመሩ፣ በ1978 በየግዛቱ እንዲኖር በሕግ አዘዙ። ጉብኝት ከሚያደርጉት ብዙዎቹ ሠልጥነው የሚገቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁለት ነገራቸው ደስ ይለኛል። የመጦሪያ ቤቱ ሠራተኛ የዚያው ቤት እንባ ጠባቂ መሆን አይችልም። የአዛውንቱም ስም ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይነገርም። ይኼ ሁለተኛው በተለይ ለኛ ይጠቅመናል፣ ምክንያቱም ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የሰው ችግር ቡና ላይ ወሬ ሆኖ ከተገኘ ምክር ቤቱ በዚያው ቀን ሞተ ማለት ነው። የሰማነው እዚያው ይቅር።

ሌላው፣ ስንሄድ ቀድመን አንደውልም። በሥራ ሰዓት ሄደን ተራ እንቀመጣለን፣ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ እናያለን። «ነገ ይምጡ» የተባለ ሰው ለምን እንደተባለ በጽሑፍ እንጠይቃለን። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይለጠፍ እንላለን። ሕግ ሲጠልቅብን ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ እነሱን እንጠይቃለን። ወጣቶቹ ማንበብና መጻፍ፣ ስልክ መነካካት ትችላላችሁ፣ እኛ አሮጊቶቹ ደግሞ ደጅ መቀመጥ እንችላለን፣ አንቸኩልም።

አንድ ነገር ግን እንማማል። ከእኛ ማንም የራሱን ዘመድ ለማስገባት ይኼን ወንበር እንዳይጠቀምበት። የእድራችን ሰው ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ አበ ልጄ ነው አይሠራም። እንደዚያ ካደረግን ያን ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ሁለተኛ በደልናቸው።

በእድር ቀባሪ አናጣም። ድንኳኑ አለ፣ ሳህኑ አለ፣ ለቅሶ የማይደርስ ይቀጣል። በቁም ላለ ሰው ግን ማን ይድረስለት ብለን ደንብ አላወጣንም። ለቀብር የምንወጣውን ያህል ባይሆን እንኳ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ከእያንዳንዱ እድር ሁለት ሰው ቢወጣ በቂ ነው። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

የእድር ዳኞች፣ ረቂቁን አውጡልኝ። የምልመላው አንቀጽ ይሰረዝ፣ በምትኩ አባላቱን የየእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይመርጣል፣ የሚያነሳውም ራሱ ጉባኤው ነው ተብሎ ይጻፍ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አባል አይሆንም የሚለውም ይግባ። ድምፅ እንስጥበት፣ እንግዶቻችንም እዚሁ ሆነው ይዩ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።