በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም፦ ኩርፊያና እርቅ በጥንቱ የዕብራውያን መጻሕፍት

[ጥቁር ማያ ገጽ፤ ድምፅ ብቻ]

በአማርኛ ሁለት ሰዎች ተቀያይመው መነጋገር ሲያቆሙ «ተዘጋጉ» እንላለን። የዘፍጥረት መጽሐፍም የዮሴፍንና የወንድሞቹን መለያየት የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ጉድጓዱም ሽያጩም ገና ሳይነሣ በምዕራፍ 37 ቁጥር 4 ላይ ወንድሞቹ አባታቸው እርሱን አብልጦ እንደሚወደው አይተው እንደ ጠሉትና በሰላም ሊያናግሩት እንዳልቻሉ ይነግረናል። ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ቃል «ሻሎም» ሲሆን ከእኛው «ሰላም» ጋር አንድ ሥር አለው። ጥቂት ቁጥሮች አለፍ ብሎ አባታቸው ያዕቆብ ቃሉን በራሱ አፍ ይደግመዋል፤ የ17 ዓመቱን ዮሴፍን ከኬብሮን ወደ ሴኬም ሲልከው የወንድሞቹን «ሻሎም»፣ ማለትም ደኅንነታቸውን፣ አይቶ ወሬ እንዲያመጣለት ያዝዘዋል። ዮሴፍ በሴኬም አላገኛቸውም፤ ያገኛቸው በዶታይን ነበር። እዚያም ቀሚሱን ገፈፉት፣ ውኃ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፣ በ20 ብርም ተሸጠ።

አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ምዕራፍ ዮሴፍ ከጉድጓዱ ውስጥ አንዲት ቃል ሲናገር አንሰማም። እንደ ለመናቸው የምናውቀው ከ20 ዓመታት በኋላ፣ በምዕራፍ 42፣ በግብፅ ምድር የተጨነቁት ወንድሞች «ሲማልደን የነፍሱን ጭንቀት እያየን አልሰማነውም» ብለው እርስ በርሳቸው ሲወቃቀሱ ነው። ጸሐፊው እነርሱ ያልሰሙትን ጩኸት እኛም በጊዜው እንዳንሰማው ያደረገ ይመስለኛል፤ ይህን ክፍል ባነበብሁት ቁጥር ልቤ የሚነካው በዚህ ነው።

[ምስል፦ የኢየሩሳሌም ኮረብታዎች]

የዮሴፍን ነገር እዚህ ላይ ላቆየውና ወደ ሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ልሻገር፤ በንጉሥ ዳዊት ቤት ዝምታ ምን እንዳደረሰ ሳናይ የዮሴፍ እርቅ ክብደቱ አይገባንምና። የንጉሡ ልጅ አምኖን በአባት የምትገናኘውን እኅቱን ትዕማርን በግፍ ደፈራት። ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ እርሷም በእርሱ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። ዳዊት ይህን ሰምቶ እጅግ ተቆጣ ይላል መጽሐፉ፤ ለአምኖን የተናገረው ቃል ግን አልተጻፈም። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም አምኖን በኵሩ ስለ ነበረና ስለሚወደው ዳዊት ሊያሳዝነው እንዳልፈለገ ይጨምራል። አቤሴሎምም ለአምኖን ክፉም ሆነ ደግ አልተናገረም። ከ2 ዓመት ዝምታ በኋላ ግን በበግ ሸለታ ግብዣ ላይ በአገልጋዮቹ እጅ አስገደለው፤ ከዚያም የእናቱ አባት ወደሚነግሥበት ወደ ጌሹር ሸሽቶ 3 ዓመት ተቀመጠ።

የጦር አዛዡ ኢዮአብ ከቴቁሔ ባስመጣት ብልኅ ሴት አማካይነት የንጉሡን ልብ አራርቶ ልጁን ወደ ኢየሩሳሌም አስመለሰው፤ ዳዊት ግን «ፊቴን እንዳያይ» ብሎ አዘዘ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ ውስጥ 2 ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ኖሩ። ኢዮአብ ተጠርቶ እንቢ ባለ ጊዜ አቤሴሎም የገብስ እርሻውን በእሳት አቃጠለበት፤ ይህን ያህል ከሄደ በኋላ ነው ወደ ንጉሡ መግባት የተፈቀደለት። በግንባሩ ተደፋ፤ ንጉሡም አቤሴሎምን ሳመው፤ ምዕራፍ 14 በዚህ ያበቃል።

ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሚስመው «ንጉሡ» ነው፤ «አባቱ» የሚል ቃል የለም፣ «ዳዊት» የሚለው ስም እንኳ የለም፣ «ልጄ» የሚል ድምፅም አይሰማም። ስለ ትዕማር አልተነሣም፤ ስለ አምኖን ደምም አልተነሣም። በሚቀጥለው ምዕራፍ አቤሴሎም በከተማዪቱ በር አጠገብ ቆሞ ፍርድ ፈልገው ለሚመጡ ሰዎች «ከንጉሡ ዘንድ የሚሰማህ የለም» ይላቸው ነበር፤ ሊሰግዱለት የሚቀርቡትንም እጁን ዘርግቶ ይስማቸው ነበር። ይህ አነጋገር የዐመፀኛ ተንኮል መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ለዓመታት ሰሚ ያጣ ልጅ የራሱን ቁስል የገለጠበት ቃልም ነው ብዬ አምናለሁ። «ልጄ» የሚለው ቃል ከዳዊት አፍ ደጋግሞ የፈለቀው አቤሴሎም በአባቱ ላይ ዐምፆ በኤፍሬም ዱር ከተገደለ በኋላ ነው፤ በዚያ የልቅሶ ቁጥር ዕብራይስጡ «ብኒ»፣ ልጄ፣ የሚለውን 5 ጊዜ ይደጋግመዋል።

የዮሴፍ አባት ያዕቆብና ወንድሙ ኤሳውም ከ20 ዓመት መለያየት በኋላ ተገናኝተው ተሳስመዋል። በዘፍጥረት 33 «ሳመው» በሚለው የዕብራይስጥ ቃል ፊደላት ላይ ጥንታውያን ጸሐፍት ነጥቦችን አኑረዋል፤ የአይሁድ መምህራንም ስለ ነጥቦቹ ሲከራከሩ አንዱ ኤሳው በሙሉ ልቡ እንደ ሳመው፣ ሌላው ሊነክሰው ፈልጎ እንደ ነበር ተናግረዋል። እነዚህ ወንድማማቾች ተነጋግረዋል፤ ሆኖም ያዕቆብ ወደ ሴይር እመጣለሁ ብሎ ወደ ሱኮት አቀና፤ ከዚያም ይስሐቅን አብረው ከመቅበራቸው በቀር አንድ ላይ አልኖሩም። መጽሐፉ ለዚህ አይወቅሳቸውም።

[ምስል፦ የአባይ ወንዝ ዳርቻ]

አሁን ወደ ግብፅ እንመለስ። በዚያ ገዥ ሆኖ የነበረው ዮሴፍ በረሃብ ምክንያት እህል ሊሸምቱ የመጡትን ወንድሞቹን ሲያያቸው ዐወቃቸው፤ ራሱን ግን እንደ ባዕድ አደረገባቸው። ዕብራይስጡ ማወቅንና ባዕድ መምሰልን ከአንድ ዓይነት ፊደላት አውጥቶ ጎን ለጎን ያኖራቸዋል፤ ከግዕዙ «ነኪር» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። በመካከላቸው አስተርጓሚ አቆመ፣ በቍጣ ተናገራቸው፣ ስምዖንን አሰረ። ብዙ ሰው ይህን በቀል ይለዋል። እኔ ግን ስለ አባታቸውና ስለ ታናሽ ወንድማቸው ደጋግሞ የጠየቃቸውን ስመለከት፣ የደበቁትን ራሳቸው እንዲናገሩት መንገድ እየከፈተ እንደ ነበር ይታየኛል።

የተናገረው ይሁዳ ነው፤ በምዕራፍ 37 «እንሽጠው» ያለው ያው ይሁዳ። በምዕራፍ 44 መጨረሻ በ17 ቁጥሮች የአባቱን ሐዘን አንድ በአንድ ተርኮ በታናሽ ወንድማቸው በብንያም ፋንታ ራሱን ለባርነት ያቀርባል። ያን ጊዜ ዮሴፍ ሰዉን ሁሉ አስወጣ፤ ያለ አስተርጓሚም «እኔ ዮሴፍ ነኝ» አለ። እነርሱ መመለስ አልቻሉም። ረዥም ጊዜ ተናገራቸው፣ ሁሉንም እየሳመ አለቀሰ፤ «ከዚያም በኋላ ወንድሞቹ ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ» ይላል። የተባባሉትን አይነግረንም፤ የተዘጋው መከፈቱን ብቻ ነው የሚነግረን።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ በ147 ዓመቱ ሲሞት ወንድሞቹ አሁን ይበቀለናል ብለው ሰጉና በቅድሚያ መልእክት ላኩበት፤ አባትህ ይቅር በላቸው ብሎ አዝዞ ነበር የሚል። አባታቸው ይህን ሲናገር በመጽሐፉ ውስጥ የትም አናገኘውም። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አለቀሰ፤ ከዚያም አጽናናቸው፣ በዕብራይስጡ አነጋገር «በልባቸው ላይ ተናገረ»። በ110 ዓመቱ ሊሞት ሲልም ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡለት የእስራኤልን ልጆች አማላቸው። ሙሴ ይዞት ወጣ፤ በመጽሐፈ ኢያሱ መጨረሻ እንደ ተጻፈው የተቀበረውም አባቱ የወንድሞቹን ደኅንነት አይቶ እንዲመለስ በላከው በሴኬም ነው።