ጨረቃ ላይ የተላከከ ጥፋት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጋቢ ደርቤ ነው ድምፄን የምቀዳው።

እናቴ ያሳደገችኝ ለአንድ ሆቴል እንጀራ እየጋገረች ነው። ማድ ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነበር። በመካከል አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ትሪው የሚያልፈው በእሷ ነው። ከወዲያ የተቀመጠው ተመጋቢ የሚያየው የእናቴን እጅ ብቻ ነበር፤ እስከ አንጓዋ ድረስ፣ ሊጥ የደረቀበትን እጅ። ፊቷን የሚያውቃት አልነበረም።

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች. ጂ. ዌልስን «ታይም ማሽን» የተባለ ልብ ወለድ ሳነብ ያቺ መስኮት ፊቴ ድቅን አለች። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በጊዜ ውስጥ የሚወስድ ማሽን የሠራው ተጓዥ እ.ኤ.አ. 802,701 ሲደርስ ኢሎይ የሚባሉ ትንንሽና ውብ ሰዎች ያገኛል። ፍሬ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ሥራ የሚባል አያውቁም። ከመሬት በታች ደግሞ ከማሽኖቻቸው ጋር ሞርሎኮች አሉ፤ ሌሊት እየወጡ ኢሎዮችን ይበላሉ። ተጓዡ ቆይቶ የሚደርስበት ግምት ግን ከመበላቱም በላይ ያስደነግጣል፦ ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ዘር ናቸው። ባለጠጋው ላይ ቀረ፣ ሠራተኛው ወደ ታች ተገፋ፣ ዘመን ሲረዝም መተዋወቅ ቀረ።

ዌልስ ይህን ከሰማይ አላወረደውም። እናቱ አፕፓርክ በሚባል የእንግሊዝ መኳንንት ቤት የአገልጋዮች ኃላፊ ነበሩ። እዚያ ወጥ ቤቱና ትልቁ ቤት የሚገናኙት በምድር ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ነው። ይህን ሳውቅ ጣርማ በር ትዝ አለኝ። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ መኪናው ሲገባ፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። ድንጋዩን ማን እንደፈለፈለው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከመጽሐፉ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ፊልም ያዘጋጀው የዌልስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ሳይመን ዌልስ ነው። ስለዚህ ብዙ ጠብቄ ነበር። ማሽኑ ያምራል፤ ዘመናት በመስኮት ሲያልፉ የሚታይበት ክፍልም ድንቅ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ለሁለት የተከፈለበትን ምክንያት አውጥተው ጣሉት። በፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2037 ጨረቃ ላይ በተደረገ ቁፋሮ ጨረቃዋ ትፈራርሳለች፤ ከዚያ መዓት የተረፈው ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ቀረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው! ኢሎዮቹም ገደል ላይ በእጃቸው ቤት የሚሠሩ ታታሪዎች ሆነዋል። የማንም ዕዳ የለባቸውም። ሞርሎኮቹ አውሬ ብቻ ናቸው፤ በመጨረሻ ይፈነዳሉ፣ እኛም እፎይ እንድንል ይጠበቃል። እኔ እፎይ አላልኩም፤ ተናደድኩ።

መጽሐፉን ለእናቴ የተረክሁላት አንድ ምሽት፣ ምድጃ ዳር ነው። ኢሎዮቹ ሥራ አያውቁም ስላት አቋረጠችኝ።

«ታዲያ የሚለብሱትን ማን ይሠራላቸዋል፣ ልጄ?»

ተጓዡም በመጽሐፉ ውስጥ የሚገርመው ይኸው ነው። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ የሚፈትል ግን አይታይም። የሚሠሩላቸው ከታች ያሉት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ፊልሙን አብረን ያየን ዕለት እናቴ ምንም አልጠየቀችም። ሲያልቅ «ጨረቃዋ አሳዘነችኝ» አለችና ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች።