ትርፉን አትቁረጪው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ድምፅ ላሰማችሁ። ቆይ... ማይኩን ላስጠጋው።

(የስፌት መኪና ድምፅ)

ሰማችሁት? ባቡር አይደለም። የአክስቴ የስፌት መኪና ነው። አሁን የኔ ሆኗል። በእግር ነው የሚረገጠው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ቅዳሜ ቀን መብራት ሲጠፋ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ «እንጀራዬ ምጣድ ላይ ቀረ!» እያለ ደረጃው ላይ ይጯጯሃል። እኔ መስኮት ስር ቁጭ ብዬ ቀሚሴን እሰፋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ትንሽ ደስ ይለኛል።

ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ነው የምሠራው። ማታና ቅዳሜ ግን ለራሴ ቀሚስ እሰፋለሁ። እንዴት ጀመርሽ ለምትሉኝ፣ በንዴት ነው የጀመርኩት።

የዛሬ 4 ዓመት የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ጨርቅ ገዛሁና ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የሰው እንጀራ ነው። ሠርጉ እሁድ ነው። ሐሙስ ሄድኩ፣ «ነገ ነይ»። አርብ ሄድኩ፣ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ጠዋት»። ቅዳሜ ማታ ሊዘጋ ሲል ሰጠኝ። ጨርቁ ላይ የካውያው ሙቀት ገና አልበረደም።

ቤት ገብቼ ለበስኩት። ቆሜ መስታወት ሳይ ያምራል። በጣም ያምራል። ችግሩ ሠርግ ላይ ቆሞ መዋል የለም።

ዘፈኑ ሞቅ ሲል ጎትተው አስገቡኝ። እጄን አነሳሁ፣ ቀሚሱ አብሮኝ ተነሳ። ጫፉ ወደ ጉልበቴ መጣ። እጄን አወረድኩ፣ ብብቴ ስር የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እስክስታው ሊወርድ ሲል፣ ትከሻዬን ገና አንዴ ስነቀንቀው፣ ጠሽ! ስፌቱ ሄደ። ቀሪውን ሠርግ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ክንዴን ከጎኔ ጋር ለጥፌ፣ እንደ ዘብ ቆሜ አሳለፍኩት። ቪዲዮው አለ። አላሳያችሁም።

ማክሰኞ ቀሚሱን ይዤ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው አየው፣ አየኝ፣ ከዚያ ምን አለ? «ልክሽን ከወሰድኩ በኋላ ወፍረሽ ነው።» በ10 ቀን ውስጥ!

በዚያው ንዴት አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ለብዙ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ ሲደክም ተወችው። መኪናው ሳሎን ጥግ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ነበር የሚኖረው። ቀሚሱን ሰጠኋትና ልለብስላት ስል «ተይው» አለችኝ። ገለበጠችው። ውስጡን በጣቷ እየዳበሰች፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ሄደች። ብብቱ ላይ ቆመች።

«ይሄ ብብት ወርዷል። ትርፍም የለው።»

ሁለት ነገር ነው ያለችው። እስካሁን ከነዚህ ከሁለቱ አልወጣሁም።

መጀመሪያ ብብቱን ልንገራችሁ። እኔ የመሰለኝ ጠቦኝ ነው፤ እጅጌው የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች ሰፋ ቢል ይመቸኝ ነበር ብዬ ነበር። የተገላቢጦሽ ነው። አሁን የለበሳችሁትን ልብስ እዩት። እጅጌውና ጎኑ የሚጋጠሙበት ቦታ አለ አይደል፣ ብብታችሁ ስር? ያ ቦታ ወደ ወገባችሁ በወረደ ቁጥር ክንዳችሁ ከጎናችሁ ጋር ይታሰራል። እጅ ሲነሳ እጅጌው ጎኑን ይጎትታል፣ ጎኑ ቀሚሱን በሙሉ ይጎትታል። ወደ ብብት ተጠግቶ የተቀደደ ከሆነ ግን ክንድ ለብቻው ይሄዳል፣ ቀሚሱ ቦታው ላይ ይቀራል። ሹራብና ቲሸርት ስለሚለጠጥ ይሄ አይታወቃችሁም። የማይለጠጥ ጨርቅ ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው። የኔ ደግሞ ሠርግ ቤት ወጣ።

ሁለተኛው ትርፍ ነው። ትርፍ ማለት ከስፌቱ ውጭ፣ ውስጥ በኩል የሚቀረው ጨርቅ ነው። እኔ አሁን ዙሪያውን 1.5 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ። የሠርጉ ቀሚስ ላይ የጨርቁ ጫፍ ስፌቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ላስፋው ብትሉ የሚሰፋበት የለም። አክስቴ ዩኒፎርም ስትሰፋ እንደዚህ አታደርግም። የልጅ ቀሚስ ጫፍ ላይ አራት ጣት አጥፋ ነው የምትሰፋው። ልጅቷ ስታድግ እናትየው ትተረትርና ታወርደዋለች። የኔም ዩኒፎርም እንደዚያ ነበር። የታጠፈበት መስመር ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ሌላው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። በየዓመቱ ስንት እንዳደግኩ ቀሚሴ ላይ ይነበብ ነበር። ያኔ ያሳፍረኝ ነበር።

እንግዲህ «አስተምሪኝ» አልኳት። ክር ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ የሂሳብ ደብተር ሰጠችኝ። መስመር ያለው ደብተር። መርፌው ክር የለውም። «መስመሩን ተከትለሽ ስፊ» አለችኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወረቀት ስበሳ ዋልኩ። የእግር መኪና ለማያውቅ ሰው እብድ ያደርጋል። እግር ትንሽ ከተሳሳተ ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይጠላለፋል ወይ ይበጠሳል። ጎማው ሁልጊዜ ወደ እናንተ ነው መዞር ያለበት። በቀኝ እጅ ቀስ አድርጎ ማስነሳት፣ ከዚያ እግር ይከተላል። አንዴ ከገባችሁ በኋላ ግን እንደ መራመድ ነው።

የመጀመሪያ ቀሚሴን ልንገራችሁ? ሦስት ሜትር አበባ ያለበት ጥጥ። ፓተርኑን፣ ማለት ጨርቁ የሚቀደድበትን የወረቀት ልክ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ቆረጥኩ። ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ። ጨርቁን ለሁለት አጥፌ መቅደድ ሲገባኝ ሳላጥፈው ዘርግቼ የእጅጌውን ወረቀት ሁለቴ አስቀመጥኩት። ሳልገለብጠው። ምን አገኘሁ? ሁለት ግራ እጅጌ። አንዱን ገልብጬ ልጠቀም ብል አበባው ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ሌላ እጅጌ ቀደድኩ። አሁን ደግሞ የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ረዘም አለብኝ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል። ተሳስቻለሁ ብዬ በመቀስ ከረከምኩት! ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ትርፉን አትቁረጪው አላልኩሽም? እሱኮ ለትከሻሽ ነው» አለችኝ። ለካ ሆን ተብሎ ነው የሚረዝመው። ትከሻ ክብ ነው፣ ጨርቅ ደግሞ ዝርግ። ያ ትርፍ ነው ክቡን የሚሠራው። ስፌቱን ረዘም አድርጋችሁ ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ትሰፋላችሁ፤ ክሩን ከጫፉ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ጨርቁ ሳይሸበሸብ ይሰበሰባል። በእስፒል ዙሪያውን ትይዙታላችሁ። ከዚያ ነው መኪና የሚነካው። በሦስተኛው እጅጌ ገባልኝ።

ስለ ጨርቅ ብዙ ማለት ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ መርካቶ ስትሄዱ «ንጹህ ጥጥ ነው እህቴ» የማይላችሁ የለም። ከጨርቁ ጫፍ ጥቂት ክር ምዘዙና ቤት ወስዳችሁ በእሳት ፈትኑት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ብን ይላል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ከመቅደዳችሁ በፊት እጠቡት። እኔ ሳላጥብ ሰፍቼ ቀሚሴ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለእህቴ ልጅ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ድርና ማጉን እዩ። ድሩ ሲሸመን ተወጥሮ የቆየው ክር ነው፤ በቁመት ይሄዳል፣ እምብዛም አይሳብም። በአግድም የሚሄደው ማጉ ትንሽ ይሳባል። በሰያፍ ከጎተታችሁት ግን ላስቲክ ነው የሚመስለው። አንዴ ጨርቅ እንዲብቃቃልኝ ብዬ ፓተርኑን ዘመም አድርጌ ቀደድኩ። ስሰፋው ምንም አይልም። ሲታጠብ ተጠማዘዘና የጎን ስፌቱ ጉልበቴ ፊት ለፊት መጣ። ቆጥቤ ሞቻለሁ።

አሁን አሁን አዲስ ሞዴል ስሞክር መጀመሪያ በአቡጀዲ ነው የምሰፋው። ርካሽ ነው፣ ብሳሳት አይቆጨኝም። አክስቴ ግን አትወድም። «አቡጀዲ ለመገነዣ ነው፣ በቁምሽ አትልበሺው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አቡጀዲ ስንት አገር ዞሮ እንደመጣ ሳስብ ደስ ይለኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያ ያልነጣ ጨርቅ ከአሜሪካ በመርከብ ነበር የሚመጣው። በኋላ ጃፓኖች ገበያውን ወሰዱት። የኔ ሳሎን ወለል ላይ ደግሞ በእርሳስ ተሞነጫጭሮ ይተኛል።

እሺ፣ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛሬ ይሄን ክፍል የቀዳሁት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ቢሮ የሰፋሁትን ለብሼ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት ገዛሽው?» ነው። ራሴ ነው የሰፋሁት ስል ሁለተኛው ወዲያው ይመጣል፦ «ለምን አትሸጪም?» ሁሉም! የጥበቃው ሠራተኛ ሳይቀር። አንዷማ ቁጭ ብላ የጨርቁን፣ የክሩንና የዚፑን ሂሳብ ሠርታ ገጽ እንድከፍት ስሙን ሁሉ አወጣችልኝ።

በክፋት አይደለም፣ ይገባኛል። ኑሮው ይታወቃል። እጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያሳዝናል። ግን እዩልኝ፣ «ትርፍ ጊዜ» ስንል ሰው የሚሰማው ትርፉን ብቻ ነው። ትርፉ ምንድን ነው? ስንት ያስገኛል?

በገንዘብ ካሰብነው ምንም። ሰልባጅ ተራ ብሄድ ከምገዛው ጨርቅ ባነሰ ዋጋ የተሰፋ ቀሚስ አገኛለሁ። አንድ ቀሚስ ሦስት ቅዳሜ ይፈጅብኛል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ መተርተር ነው። ማንም ይሄን ጊዜዬን አይከፍለኝም።

ደግሞ ልሽጥ ብል ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ። «ነገ ነይ» ማለት እጀምራለሁ። ሠርግ የደረሰባት ልጅ በር ላይ ቆማ፣ እኔ ደግሞ አምስት ቀሚስ ተደራርቦብኝ፣ ብብቱን ዝቅ አድርጌ ቶሎ እገላግለዋለሁ። ትርፉን ቆርጬ ጨርቅ አብቃቃለሁ። ያንን ልብስ ሰፊ ዛሬ ብዙ አልወቅሰውም። በቀን ስንት ሰው «ለዛሬ አድርስልኝ» እንደሚለው አስቡት። (ወፍረሽ ነው ያለኝን ግን አልረሳም።) እኔ ያለኝ ትርፍ የሚጠብቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ሦስተኛ እጅጌ መቅደድ እችላለሁ። የሚቀየመኝ የለም።

ባለፈው እሁድ አክስቴ መጣች። አዲስ ቀሚስ ጨርሻለሁ፤ አረንጓዴ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው። ለብሼ ጠበቅኳት። ገና በር ላይ «እጅሽን አንሺ» አለች። አነሳሁ። ጫፉ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻዬን ነቀነቅኩላት። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ያለ ዘፈን። ሳቀች።

«አውልቂው።»

አወለቅኩ። ገለበጠችው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ በጣቷ ስፌቱን እየዳበሰች ተቀመጠች። አንድ ክር ተንጠልጥሎ አገኘችና በጥርሷ ቆረጠችው። እኔ ምን ትል ይሆን ብዬ ሲኒ እያደረቅኩ በዓይኔ ጥግ አያታለሁ። ጎኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዱን ጎን አየች። ሌላውንም አየች።

«ኪሱስ?»

ኪስ የለውም። ረስቼዋለሁ። ኪስ ደግሞ ጎኑ ሳይገጠም ነው የሚገባው።

«ትርፍ ትተሻል፣ ይበቃል» አለችና ቀሚሱን ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። «ተርትሪው።»

መጀመሪያ ላይ ያሰማኋችሁ ድምፅ እሱ ነው። ቀኙ ኪስ ገብቷል። ግራው ይቀረኛል። ደህና ሁኑ።